እኅቴ እናታችንን በማይል ስትወስድ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ጋሽ ደረጀ የተከራየነውን ሚኒባስ ደጄ ላይ አቁሞ መስታወቱን ይወለውላል። እናታችንን ከአንኮበር አንስተን አዲስ አበባ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ማድረስ አለብን። ትናንት መጥታ እኔ ዘንድ ያደረችው ታናሽ እኅቴ ምሕረት ዛሬ ማታ ከእማዬ ጋር ወደ ሜልቦርን ትበራለች። ወንድማችን እዚያ ልጅ ወልዷል። እኔ ሸኚ ነኝ።

መንገድ ላይ ጋሽ ደረጀ የቲኬቱን ዋጋ ጠየቀ። ምሕረት ታክሱን ብቻ እንደከፈለች ነገረችው። መሥሪያ ቤቷ ለስብሰባ ውጭ አገር በላካት ቁጥር አየር መንገዱ በቲኬት የሚለወጥ ማይል ይመዘግብላታል፤ ስድስት ዓመት ሳትነካው አጠራቀመች። በማይል የሚሰጡት ወንበሮች ጥቂት ስለሆኑ አሥር ወር ቀድማ ስትከታተል ቆይታ፣ ልክ ለምዝገባ ሲከፈቱ ያዘቻቸው።

"እኔ በዚህ መንገድ ሃያ ዓመት ስመላለስ ማን መዘገበልኝ?" አለ ጋሽ ደረጀ። እነሱ ሳቁ። እኔም አባታችን ከሞተ ወዲህ እማዬን ለማየት በየአሥራ አምስት ቀኑ የምመላለስበት መንገድ ነው፤ ሳቅ አልመጣልኝም።

2 ሰዓት፣ አንኮበር

ጉሙ ገደሉን ሞልቶታል። እማዬ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ ደጅ ተቀምጣለች። ሊሰናበታት ለመጣ ጎረቤት ሁሉ "ምሕረቴ ናት የምትወስደኝ" ትላለች። ለእኔ የቤቱን ቁልፍ ሰጠችኝና ድንቹን ማስኮትኮት እንዳልረሳ አሳሰበችኝ።

የበሶና የሽሮ ሻንጣዋን አንስቼ "ይሄ አያልፍም" አልኩ። ትንሽ ክፋት ነበረበት። ምሕረት ግን ብዙ ስለምትበር አንድ ሻንጣ ተጨማሪ ይፈቀድላታል። በዚህም ተበለጥኩ።

5 ሰዓት ተኩል፣ ሸኖ

ጥብስ አዘዝን። ምሕረት የአውሮፕላኑን ወንበር ፎቶ በስልኳ ታሳያለች፤ እማዬ መስኮት እንዳለው ትጠይቃለች። ሁለቱ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው ሳይ አላስቻለኝም።

"እኔንስ ለምን አልጠየቅሽኝም?" አልኳት።

"እትዬ፣ ማይሉ የበቃው ለሁለት ሰው ነው።"

"እኔና እማዬም ሁለት ነን።"

ምሕረት አንገቷን ደፋች። እማዬ እጇን ከትሪው ላይ አነሳች።

"ካንቺ ጋር ዓመት እስከ ዓመት አለሁ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ከእሷ ጋር ግን ከቤት ከወጣች ወዲህ አንድ ሳምንት እንኳ ተቀምጬ አላውቅም።"

ጥብሱ ቀዘቀዘ።

9 ሰዓት፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር

ምሕረት የእማዬን መድኃኒት ከረጢት ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ። የትኛው ጠዋት፣ የትኛው ማታ እንደሚዋጥ አታውቅም። ለአፍታ ያህል "ሐኪም ቤት ደውለሽ ጠይቂ" ልላት አማረኝ።

ወረቀት አወጣሁ። ነጩ ከቁርስ በፊት፣ ሮዙ ከእራት በኋላ። ብዙ ከተቀመጠች ግራ ጉልበቷ ያብጣል። የዋጠች መስላ ኪኒኑን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥራለች። ሁለቱንም ገጽ ሞላሁት። ምሕረት ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችውና "ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር" አለች። ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን ጥሩ ደስታ አልነበረም።

እማዬ ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። ከዚያ እኔን እንደምትደገፈኝ አድርጋ የምሕረትን ክንድ ይዛ ገባች። ዞር ብላ አላየችም።

12 ሰዓት፣ ጫጫ

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ እኔና ጋሽ ደረጀ ብቻ ነን። ደክሞኝ እንደሆነ ጠየቀኝ።

አዎ አልኩት። ቅናት ነው ለማለት አፈርኩ።