የተኛ ደንበኛ አይቀሰቀስም

አጎቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ውስጥ ሁለት ወንበር፣ አንድ የተሰነጠቀ መስታወትና ከእናቴ አፍ የማይተናነስ ሬዲዮ አለ። እናቴ ታላቅ እህቱ ናት፤ የሱቁም ባለቤት እሷው። ቤቱ አንድ የቆየ ሕግ ነበረው፤ የተኛ ደንበኛ አይቀሰቀስም። እንቅልፍ የጣለው ሰው ፎጣ ይደረብለታል፣ ሬዲዮው ይቀነሳል፣ መቀሱ እንኳ ቀስ ብሎ ይሄዳል።

አጎቴን ሞት አፋፍ ያደረሰው ይኸው ደግነት ነው። ሃያ ዓመት ቆሞ የሠራበት ወገቡ ሲከዳው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘለት። ወገቡ ተሻለው፤ ክኒኑ ግን አልለቅ አለው። አንዱ ሦስት፣ ሦስቱ ስምንት ሆነ። አምና አንድ ቀን ባዶው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያንኮራፋ ጀመር። እናቴ «ደክሞታል፣ ይረፍ» ብላ ፎጣ ደረበችለት። ፀጉሯን ልትስተካከል የገባች የጤና ጣቢያ ነርስ ባትደርስ ኖሮ አልቆለት ነበር። «ይሄ እንቅልፍ አይደለም! ከንፈሩን አታዩም?» ብላ ከቦርሳዋ ባወጣችው፣ በአፍንጫ በሚነፋ መድኃኒት መለሰችው።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ሲስተሯ ፊት የሱስ ሕክምና ሽሮፑን ይጠጣል። የአፍንጫው መድኃኒትም ከማበጠሪያዎቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ሕጉ ተገለበጠ፤ ያንቀላፋ ሁሉ ይቀሰቀሳል።

ምላጩን ግን እናቴ እጁን ስላላመነችው ቆልፋበታለች።

«የሰው ጉሮሮ ጎመን አይደለም» አለችው። «መጀመሪያ ፊኛ ላጭተህ አሳየኝ።»

አጎቴ ፊኛ እየነፋ፣ ሳሙና እየቀባ በተዋሰው ምላጭ ይላጫል። ጧ! ሲል ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ከደጅ «ነፍስ ይማር!» ይላል። ውሎ አድሮ አንድም ፊኛ መፈንዳት ተወ። እናቴ ግን «ፊኛ አያስነጥሰውም» አለች። ፈርታ ነው።

በዚህ መሀል የተጎዱት ጡረተኛው ቲቸር ናቸው። ከእሱ ሌላ አልላጭም ብለው ጢማቸው ደረታቸው ደርሷል። ሊያንቀላፉ ሲሉ ደግሞ ይቀሰቅሳቸዋል።

«ከሞትኩ እኔው እነግርሃለሁ፣ አንተ!»

ማክሰኞ ዕለት አንድ ቀለም ቀቢ ገባ። ፀጉሩ ግማሽ እንደተቆረጠ አንገቱ ዘንበል አለ፤ አንኮራፋ።

«እባክህ፣ ዛሬ እንኳ ሰው ይተኛበት» አሉ ቲቸር።

አጎቴ ነቀነቀው። ጆሮውን ቆነጠጠ። ደረቱን በኃይል አሸ። መልስ የለም፤ ጥፍሩ ሰማያዊ ሆኗል።

«እትዬ፣ አምቡላንስ ጥሪ!»

መሬት አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አዘንብሎ፣ መድኃኒቱን አፍንጫው ውስጥ ነፋ። ከዚያ በአፉ ትንፋሽ ይሰጠው ጀመር። እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የወንድሟን እጅ ነበር የምታየው። የቀለም ቀቢውን አገጭ እንደያዘ ንቅንቅ አላለም።

ሰውየው በረጅሙ ተነፈሰ። ዓይኑን ገለጠ፤ ራሱን ዳሰሰ።

«ምነው ግማሹን ተዋችሁት?»

ቲቸር ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ወደ ለቅሶ አደላ። አምቡላንሱ ሲመጣ ቀለም ቀቢው አልሄድም አለ።

«በግማሽ ራስ ሐኪም ቤት?»

«መድኃኒቱ ኃይሉ ሲያልቅ መልሶ ሊጥልህ ይችላል። ሂድ፣ ስትመለስ እጨርስልሃለሁ» አለው አጎቴ። «ከተሻለህ በኋላም ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን። ሽሮፑ ይመራል፤ ሲስተሯ ግን ጥሩ ቀልድ ታውቃለች።»

አምቡላንሱ ሲሄድ እናቴ ቁልፏን አወጣች። ምላጩን ንጹሕ ፎጣ ላይ አኖረችለት።

«ቲቸር፣ ይቀመጡ» አለች።

አጎቴ ሳሙናውን ቀባ። አንዱ ጉንጭ አለቀ። ቲቸር ደስ ብሏቸው ዓይናቸውን ከደኑ። አጎቴ ምላጩን አነሳ።

«ቲቸር?»

«ኧረ አለሁ! ላጨኝ!»

እናቴ ሬዲዮውን ጨመረችው።