በሁዳዴ ስለ ወተት መጠየቅ

ሰው በሁዳዴ ጾም ገበሬ ቤት ገብቶ «በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ወተት ጠጣችሁ?» ብሎ ይጠይቃል? እኔ ጠይቄያለሁ። ያውም የቄስ ልጅ ሆኜ፣ ራሴም እየጾምኩ፣ ሆዴ እየጮኸ።

ጊዜው የደርግ ነው። በጋውን ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ አስተምራለሁ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ለዲፕሎማ እማራለሁ። የስታቲስቲክስ መምህራችን በየምንሠራበት አገር መረጃ ሰብስበን ክረምት ላይ ጽሑፍ እንድናቀርብ አዘዙን። ያላቀረበ ኮርሱን ይወድቃል፤ ኮርሱን የወደቀ ዲፕሎማውን ይርሳ። እኔ ደግሞ ለዚያ ዲፕሎማ ስል ትዳሬን ሁሉ አቆይቼ ነበር፤ የምታገባኝ ባትኖርም።

የመረጥኩት ርዕስ የገበሬው ቤተሰብ አመጋገብ ነበር። የምጠይቃቸውን ቤቶች እንደተማርኩት በዕጣ አወጣሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለሰዉ የእህል ኮታ ጉዳይ አለመሆኑን ነግሮ አስተዋወቀኝና ቤት ለቤት ጀመርኩ። ወተት? የለም። ቅቤ? የለም። ሥጋ? የለም። አንዲት አሮጊት ብቻ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ትክ ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ አንተስ?» አሉ።

«እኔማ ጾመኛ ነኝ፣ እማማ።»

«እግዚአብሔር ይቀበልልህ» ብለው እንደ ሌሎቹ «የለም» አሉ። እኔም ዜሮ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ።

ተመልሼ ሳሰላው አማካዩ ዜሮ መጣ። የየቤቱ መልስ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳየው፣ መደበኛ ልይይት የሚሉትም ዜሮ። ልይይቱ ባነሰ መጠን መልሱ ይቀራረባል ተብለን ስለተማርን፣ የእኔ ጭራሽ አለመኖሩ ልቤን አሞቀው። እንዲህ ያለ አንድ ቃል የሆነ ሕዝብ ያገኘ ተመራማሪ ከእኔ በቀር የለም ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

አብሮኝ ቤት የተከራየው የሂሳብ አስተማሪ ወጥ እያማሰለ ነበር። ወረቀቱን ሰጠሁት። ወረቀቱን አየ፣ ድስቱን አየ፣ ቀጥሎ እኔን።

«ጓድ ተመራማሪ፣ ይኼ የምንበላው ሽሮ ቅቤ አለው?»

«በሁዳዴ ምን ቅቤ ታመጣብኛለህ?» አልኩት፣ ተቆጥቼ። ነገሩ የገባኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

እሱ ሳቁን ሲጨርስ እኔ ደነገጥኩ። ከፋሲካ በኋላ እንደገና እጠይቃለሁ አልኩት። በሃምሳው ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም ያን ጊዜ ብጠይቅ ደግሞ ጋይንት ዓመቱን ሙሉ በቅቤ የሚኖር እንደሚመስል ነገረኝ። ጰራቅሊጦስ እስኪያልፍ ልጠብቅ ብል በማግሥቱ የሰኔ ጾም ይገባል፤ ከዚያም ለክረምቱ ትምህርት መንገድ ነው። ከየትም ብሄድ ጾም ይጠብቀኛል ወይም ፍስክ። ጥቂት ቀን ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ምን ልጽፍ እንደነበር እየረሳሁ ቆየሁ። ተማሪዎቼ የታመምኩ መሰላቸው።

መውጫውን ያገኘው እሱው ነው።

«ወረቀቱን አትቅደደው» አለኝ። «እነዚያኑ ቤቶች ከፋሲካ በኋላ ድገማቸው። ሰው ምን ይበላል አትበል፤ ጾሙ ሲፈታ ምን ያህል ይለወጣል በል። ያኔ ዜሮህ ስሕተት መሆኑ ቀርቶ መነሻ ይሆናል።»

እውነቱን ለመናገር እዚያው ላቅፈው ነበር፤ ማማሰያውን ፈርቼ ተውኩት።

ፋሲካ አለፈና ተመልሼ ሄድኩ። አሮጊቷ ገና ሳልቀመጥ በዋንጫ እርጎ ሰጡኝና «አሁን ጠይቀኝ» አሉ። በዚህ ጊዜ መልሱ ከቤት ቤት የሚገናኝ አልነበረም። የምትታለብ ላም ያለው በየቀኑ ይጠጣል። ላሟ የነጠፈችበት ከጎረቤት ይቀምሳል። ከቅርጫ ሥጋው በኋላ ወደ ሽሮው የተመለሰም አለ። ልይይት የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሁዳዴ ያለውንም የሌለውንም አንድ ዜሮ ላይ እኩል አስቀምጦ ኖሯል፤ ጾሙ ሲፈታ ሁሉም ወደየኑሮው ተበተነ። በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ሸምድጄው ያልገባኝን፣ እርጎ ከጺሜ እየጠረግሁ ተማርኩት።

ስሌቱ ግን አበሳ ነበር። ማስያ የሚባል የለንም፤ መቀነሱም፣ ማባዛቱም፣ ሥር ማውጣቱም በእጅ ነው። አንዱን ሳርም ሌላው ይበላሻል። ያ ጓደኛዬ ከምንጭ ውሃ የማምጣት ተራዬን ደራርቦ ወሰደልኝ፤ እኔ ከቁጥር ጋር ስታገል እሱ ጀሪካን ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል።

ክረምት ላይ መምህሩ ጽሑፌን ገለጥ ገለጥ አድርገው፣ ወደ አንድ ቤት ሁለት ጊዜ መሄድን ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ። በኮርሱ እዚያ ገና አልደረስንም ነበርና።

«ጾሙ ነው፣ ጓድ መምህር» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ነገሩን ከነሽሮው አጫወትኳቸው። ፈገግታቸውን በወረቀቱ ሸፍነው «አልፈሃል» ሲሉኝ ሳይፈቀድልኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ያን ዕለት ዝናብ እየደበደበኝ ወደ ማደሪያዬ ሄድኩ፤ ጃንጥላ መያዜን ያወቅሁት በር ላይ ነው።

ንፋስ መውጫ ስመለስ የጓደኛዬን ውለታ መክፈል ጀመርኩ፤ ጀሪካኑን እየተሸከምኩ፣ እሱ በር ላይ ተቀምጦ አካሄዴን እያረመ። ሳልጨርስ ወደ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ተዛወርኩ። ዛሬ ጉልበቴ ቁልቁለቱን ይወርድ እንደሆነ እንጃ፤ ዳገቱንማ ተዉት። ግን ሒሳብ ሒሳብ ነው፦ አንድ ተራ ውሃ አለብኝ።