በጃንዋሪ የተገጠመው በር

አዲስ የተላገ እንጨት ሽታ አፍንጫዬን ሽው ባለው ቁጥር፣ አሜሪካ፣ ሳን ሊያንድሮ ከተማ ተከራይተን የነበረው ቤት ጋራዥ ትዝ ይለኛል። ዘመድ ሁሉ ያቺን የድሮ መኪና የአባቴ እብደት ያደርጋታል እንጂ፣ ጎትታ ቤታችን ያስገባቻትስ እናቴ ናት፣ ወላሂ!

አባቴ ሰይድ መኪና ፋብሪካ ውስጥ በር ይገጥም ነበር፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ያ ተጫዋች ሰው ጭጭ አለ። ፒጃማውን እንደለበሰ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ይውል ነበር፣ እኔና እናቴ ስንስቅ እንኳ ተነስቶ መኝታ ቤት ይገባ ነበር። ልጅ ብሆንም፣ ሁለተኛ የማይስቅ መስሎኝ ፈራሁ።

ጎረቤታችን የነበሩ አሜሪካዊ አዛውንት ቤታቸውን ሸጠው ሲሄዱ፣ ሆት ሮድ የሚሉትን በአዲስ ሞተር የሚከንፍ አሮጌ መኪና አደርጋታለሁ ብለው ጉልበተኛ ሞተር ከገጠሙላት በኋላ ጓሮ የተዉዋትን ጥንታዊ ባለ ሁለት በር ኩፔ እናቴ ለምና ወሰደች። ላይዋ ቆርቆሮ፣ ውስጧ የእንጨት አጥንት ነበር፣ እንጨቱንም ምስጥ ጨርሶታል።

«ማሚ፣ ዲስ ኢዝ ጋርቤጅ» አልኳት።

«ዝም በይ፣ አባትሽን ከሶፋው የምታስነሳልን እሷ ናት።»

እውነትም ዲሴምበር ላይ የዚያ አገር ዝናብ ሲገባ አባቴ «እስቲ ልያት» ብሎ ወጣና በዚያው ቀረ። የበሰበሰውን እያወጣ፣ በአምሳያው አዲስ እንጨት እየቆረጠ፣ እየላገና እያጣበቀ ይውል ነበር፣ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ «ሀያት፣ ይቺን ጫፍ ያዢልኝ» ይለኝ ነበር። በጃንዋሪ የቀኙን በር ገጠመው፤ ልክክ አለ። እናቴ «ማሻአላህ!» ብላ አጨበጨበች፣ እሱ ግን ፈገግ እንኳ ሳይል እጁን ጠረገ።

ማርችና ኤፕሪል መቀመጫና ቀለም ሲያሰናዳላት አለፈ፣ ለዒድም ሦስታችን በእሷ ኦክላንድ ሄደን ልንሰግድ ተነጋገርን፤ እስከዚያ አባቴ ጋራዥ ሸፍኖ አቆማት።

ዒዱ በዚያ ዓመት ኦገስት ላይ፣ እዚያ ጠብታ በማይወርድበት በጋ ዋለ። ለብሰን አምረን ወጣን፣ አባቴ በእናቴ በኩል ያለውን፣ በጃንዋሪ የገጠመውን የቀኙን በር ዘጋው፣ በሩ መልሶ ተከፈተ። ደግሞ ዘጋው፣ ደግሞ ተከፈተ። ፋብሪካ ውስጥ የሚያውቀው በር ብረት ነውና፣ በዝናብ ጊዜ እርጥበት ጠጥቶ ያበጠ እንጨት በፀሐይ ጊዜ ደርቆ እንደሚሰበሰብ አላሰበም፤ መቆለፊያው መያዣው ጋ አልደርስ አለ።

«በቃ፣ በር መግጠም እንኳ አቃተኝ» አለና ወደ ቤት ዞረ። ክው አልኩ። ወደዚያ ሶፋ ከተመለሰ አለቀልን።

«አብሽር ሰይዴ!» አለች እናቴ ከመኪናዋ ሳትወርድ፣ እጇን በመስኮት አውጥታ በሩን ከውጭ ጨምድዳ ይዛ። «እኔ እይዘዋለሁ፣ አንተ ንዳ!»

እኔ መሃል ተሸጉጬ ሄድን። ኦክላንድ ገብተን መብራት ሲያስቆመን፣ መንገደኛው መኪናችን ላይ ሲያፈጥ፣ እናቴ በሩን እንደያዘች አንገቷን ብቅ አድርጋ እንደ አዲስ አበባ ታክሲ ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ! አንድ ሰው የቀረው!» ብላ ጮኸች። አባቴ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ጥሩምባ ሲነፋብን እንኳ ሳቁ አልቆም አለው፣ እኔ ደግሞ አለቀስኩ።

በሩን በኋላ ፈትቶ አስተካከለው፣ አሁን ሳን ሆዜ ውስጥ የሰው አሮጌ መኪና እንጨት እየቀየረ ይተዳደራል። እኔ የምኖረው ኦክላንድ፣ አፕታውን የሚባለው ሰፈር ነው። ያኔ አባቴ እንዲስቅልኝ ሰግጄ በተነሳሁ ቁጥር ዱዓ አደርግ ነበር፤ ዛሬ ደውሎ ቀልዱን ሳይጨርስ ራሱ ቀድሞ ሲንከተከት ጆሮዬን ያደነቁረኝና የስልኩን ድምፅ እቀንሳለሁ። ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» እላለሁ ለራሴ፣ መልሼም ከፍ አደርገዋለሁ።