መኪና ሲያልፍ የሚነሱት ማሽላ ሻጭ

በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ የእህል ዋጋ ለማጥናት ሸዋ ሮቢት ገበያ ስመላለስ ዓይኔ ከአንድ ማሽላ ሻጭ አልነቀል አለ። ሽርጣቸው የነጣ፣ ቆፍያቸው በላብ የወየበ ሽማግሌ ናቸው። የእርዳታ ስንዴ የጫነ መኪና ወደ ሰሜን ባለፈ ቁጥር ብድግ ይሉና እጃቸውን ዘርግተው፣ «ያ አላህ፣ በሰላም አድርሰው!» ይላሉ።

አንዷ ገዢ ሳቀችባቸው። «ጋሼ፣ ማሽላዎን ያረከሰው እኮ ይሄ ስንዴ ነው! ገበያዎን ለሚዘጋ መኪና ዱዓ ያደርጋሉ?»

«ቆቦ የዳርኳት ልጄ ከነልጆቿ መጠለያ ገብታለች» አሉ። «የምትበላው እሱኑ ነው። እኔ ደግሞ ይህን ሸጬ፣ መሳፈሪያ ይዤ ላመጣት ነው።»

ከዚያ ቁጭ ብለው ዋጋ ቀነሱ። አንድ አፍ መኪናውን መርቆ ወዲያው በገዛ እህሉ ላይ ሲፈርድ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በሚቀጥለው ገበያ አንድም መኪና ሳያልፍ ረፈደ። ማሽላ ተወደደ፤ ገዢው ከበባቸው። እሳቸው ግን መቀመጥ አልቻሉም። ይነሳሉ፣ ጆሯቸውን ወደ አስፋልቱ ያዘነብላሉ፣ ደግሞ ይቀመጣሉ።

«ምነው ዛሬ ቀሩ?» አሉ በመጨረሻ። ሰዎቹ ብር እንደዘረጉላቸው፣ ማሽላውን ትተው መንገድ ዳር ወጡና መኪኖቹ ወደሚመጡበት ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለት አንጋጠው ቆሙ።