ማለስለሻ ስገዛ አማቴ ከኋላዬ ነበሩ

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት፣ ፒያሳ ካሉት ፋርማሲዎች በአንዱ... ፋርማሲስቱ ካርቶኗን ከፍ አድርጎ ይዞ «ባልሽ ግን ይህን መግዛትሽን ያውቃል?» አለኝ። ድምፁን እንኳ አልቀነሰም።

ከጎኔ የሳል ሽሮፕ የሚጠብቁት አባት ማሳላቸውን ሁሉ አቆሙ።

ልገዛ የሄድኩት ማለስለሻ ነበር። ለግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚሆን ማለስለሻ። አዎ፣ በግልጽ ጻፍኩት።

ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም። ባሌን እወደዋለሁ፤ ግን ያመኛል። መጀመሪያ እኔ ላይ የሆነ ጉድለት ያለ መሰለኝ። ባሌም ጓደኞቹን ጠይቆ ቫዝሊን ይዞ መጣ... ኮንዶሙ ተቀደደ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ሳልጨርስ መውለድ አልፈልግም፤ እስከሚቀጥለው የወር አበባዬ ያሳለፍኩትን ጭንቀት እኔ ነኝ የማውቀው።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ መርምራኝ፣ ሳትስቅና ሳትገረም አስረዳችኝ። ድርቀት ብዙ ሴቶችን ያጋጥማል። ቫዝሊን፣ ዘይት፣ ቅቤ፣ ሁሉም ኮንዶም ያበላሻሉ። በውኃ የተሠራ፣ ሽታ የሌለው፣ «ያሞቃል» ምናምን የማይል ግዢ፤ ካቃጠለሽ ታጠቢውና ተመልሰሽ ነይ አለችኝ።

ስለዚህ የምፈልገውን በደንብ አውቄ ነው የገባሁት። ፋርማሲስቱ ግን እንጆሪ እንጆሪ የሚሸተውን አወጣልኝ። «ሽታ የሌለው፣ በውኃ የተሠራውን ስጠኝ» ስለው ነው የባሌን ነገር ያነሳው።

«እኝህን አባትስ ሚስትዎ ሽሮፕ መግዛትዎን ያውቃሉ ወይ ብለሃቸዋል?» አልኩት።

«አትቆጪ እንጂ እህቴ። ለጨዋ ሴት እኮ ቫዝሊን ይበቃታል» ብሎ ሳቀ።

ደሜ ፈላ። «ቫዝሊን ኮንዶም ይቀድዳል! ይህን ከእኔ በፊት አንተ ማወቅ ነበረብህ!»

«ምንድን ነው የሚቀደደው?» የሚል ድምፅ ከኋላዬ መጣ።

አማቴ!

ለዓይን ሕክምና ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን መጥተው እኛ ቤት ሰንብተዋል። የዓይን ጠብታቸውን ገዝቼ እስክወጣ ደጅ አግዳሚው ላይ አስቀምጫቸው ነበር። ዓይናቸው ደከመ እንጂ ጆሯቸው የጦጣ ነው። ደግሞ በመጡ ቁጥር ሆዴን አይተው «አሁንም የለም?» የሚሉ ሴት ናቸው። እሳቸው አንዴ «ምራቴ ባለጌ ናት» ካሉ፣ ጃናሞራ ያለው ዘመድ በሙሉ በባለጌነቴ ነው የሚያውቀኝ። ከዚያ በኋላ በየትኛው ሰርግና ለቅሶ ነው የምቆመው?

ፋርማሲስቱ ፈገግ እንዳለ «እማማ፣ ይሄ ለእርስዎ የሚነገር አይደለም» አላቸው።

«አንተን አልጠየቅሁም» አሉት። ወደ እኔ ዞሩ። «አንች ንገሪኝ።»

መዋሸት እችል ነበር። የፊት ቅባት ነው ብላቸው ያምኑኛል። ግን ውስጤ እምቢ አለ። ጆሯቸው ሥር ተጠግቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሕመሙን፣ ድርቀቱን... ኮንዶሙን ሳይቀር።

ከዚያ ባንኮኒውን በሁለት እጃቸው ያዙና ፋርማሲስቱን ቀና ብለው አዩት።

«ምነው ልጄ? ያመኛል እኮ ነው የምትልህ። ራሴን አመመኝ ብትልህ ትስቅባት ነበር?»

«አይ እማማ፣ ይሄ እኮ ሌላ ነው...»

«ምኑ ነው ሌላው? እኔም ተድሬ አመመኝ ብል ይለመዳል አሉኝ። ሰባት ወለድሁ። አልተለመደም።»

ሽሮፕ የሚጠብቁት አባት አንገታቸውን ደፉ። በሩ አጠገብ ሕፃን ያዘለች ሴት በቀስታ «እውነታቸውን ነው» አለች።

አማቴ ለእህታቸው፣ ምናልባት ለንስሐ አባታቸው እንኳ ያልነገሩትን፣ የዕድሜ ልክ ሕመማቸውን፣ ፒያሳ መሐል በማያውቁት ሰው ሁሉ ፊት አወጡት። ለእኔ ሲሉ! እኔ እኮ እኝህን ሴት እፈራቸው ነበር። ከእሳቸው የሚበልጥ ደፋር ሰው በሕይወቴ አላየሁም።

ፋርማሲስቱ ሌላ ካርቶን አውጥቶ አስቀመጠ። ሆን ብዬ፣ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ውስጡ ካሉት ነገሮች መጀመሪያ የተጻፈው ውኃ ነው። ሽታ የለውም። ከኮንዶም ጋር ይስማማል። ጊዜውም አላለፈም።

«ሸጋ ነው?» አሉኝ አማቴ።

«ሸጋ ነው፣ እማዬ።»

የዓይን ጠብታቸውንም ተቀብለን ወጣን። ባጃጅ ውስጥ ገብተን ስንቀመጥ «የኮንዶሙን ነገር ግን ቤት ስንደርስ እንጣላበታለን» አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ። ትንሽ ሄድ እንዳልን ደግሞ ወደ ውጭ እያዩ፣ ሾፌሩ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው...

«ላረጀም ይሆናል?»

«ይሆናል እማዬ፣ እንዲያውም...»

«ኧረ ወዲያ!» ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

እንግዲህ ይኸው ነው። ዝም ብላ የምትታመመዋን ሴት ጨዋ፣ መፍትሔ የምትጠይቀዋን ባለጌ የሚል ሰው ፊት ከእንግዲህ አንገቴን አልደፋም።