የጋሽ ግትሩ ጠቦት

ጎረቤቱ ሁሉ ቶሎ የሚደልበውን ትልልቁን የውጭ ዝርያ ሲያረባ፣ ጋሽ ግትሩ ብቻ የአያቱን ትናንሽ በጎች ይዞ ሙጭጭ አለ። ቅጽል ስሙ የወጣለትም ለዚሁ ነው። «ሥጋቸውን ቅመሱና ፍረዱኝ» ቢል የሚሰማው ጠፋ። ዝርያው ከየቤቱ ጠፍቶ እሱ ጋ ብቻ ቀረ፤ እሱም ጋ ቢሆን ሦስት እንስት፣ አንድ ሽማግሌ አውራና አንድ ጠቦት።

በስንት ልመና የከተማው ሆቴል ሼፍ «እስቲ ልቅመሰው» አለችው። ቢላውን ሲስል ሚስቱ እጁን ያዘችው።

«ያ ሽማግሌ አውራ እንኳን ሊያስረግዝ መቆምም አቅቶታል። ጠቦቱን ከነካኸው ዘሩ አለቀ።»

«ካልቀመሱት ማንስ ያረባዋል?» ብሎ አረደው።

ሼፏ ጠብሳ ጎረሰች፤ ደግማ ጎረሰች።

«ጋሼ፣ እኛ እስከ ዛሬ በግ እያልን የምናበላው ምንድን ነው? ቅመም እንኳ አላስነካሁትም፤ ጮማው አፍ ውስጥ ይሟሟል። በየሳምንቱ አሥር አሥር ያምጡልን።»

ይህን ቃል ዕድሜ ልኩን ሲጠብቀው ኖሯል። አሁን ግን ወንበሩን ተደግፎ ሳህኑ ላይ የቀረውን አጥንት አየ።

«ልጄ፣ በልተሽ ጨረስሽው እኮ» አላት።

ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች።