ባሏ የሠራው ማርሽ

መርማሪዋ የፋብሪካውን ማርሾች በትንሽ መዶሻ እየመታች ድምፃቸውን ታዳምጣለች። ጤነኛ ብረት እንደ ደወል ያቃጭላል፤ የተሰነጠቀ ግን ድምፁ ድፍን ይላል። ዛሬ የትልቁ ማሽን ማርሽ ድፍን አለባት። ሟች ባሏ በገዛ እጁ ብረት አቅልጦ የሠራው ይህንን ማርሽ ነበር። ዘይቱን ጠርጋ ብታይ ከአንዱ ጥርስ ሥር ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አገኘች።

«ለባልሽ ሥራ እንኳ ምሕረት የለሽም?» ሲል ቀለደባት ሽማግሌው ኦፕሬተር። «ፀጉር ናት እኮ፤ ትንሽ ይሥራ እንጂ!»

«ጭነት በተመላለሰበት ቁጥር ትረዝማለች፣ ጋሼ። ብረትም ይደክመዋል። ባለቤቴም ሲደክመው አይናገርም ነበር።»

ማርሹ ወደ ማቅለጫው እንዲመለስ በጠመኔ ምልክት አደረገችበት። ሲሠራ ያረፈደው ብረት ገና ሞቅ እንዳለ ነበርና፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ መዳፏን ከላዩ አላነሳችም።